ሁለታችሁ ካልቆማችሁ

ሰሞኑን ያለ ወሩ ዝናብ ጥሎ ነበር። ጎርፉ ደጄን እንዳይንደው ድንጋይ ስደረድር አንድ ሰውዬ በቅሎውን እየሳበ በአጥሬ ሥር አለፈ። ቀና ብዬም አላየሁት። አፍንጫዬ ግን ቀድሞኝ አወቀ። የረጠበ ኮርቻ፣ የበቅሎ ላብና ገለባ አንድ ላይ እንዴት እንደሚሸት አብሮት ያልኖረ ሰው አያውቀውም። እኔ ከዚያ ሽታ ጋር ተኝቼ ከዚያ ሽታ ጋር የምነሣበት ዘመን ስለነበረ ድንጋዩን እንደታቀፍሁ ቀረሁ። ጎረቤቴ «እታለም፣ ምነው ደነዘዝሽ?» ብትለኝ «ወገቤን ያዘኝ» አልኳት። ወገቤ ደህና ነው። እውነቱን ለመናገር ብጀምር ድንጋዩም ጎርፉም ይቀር ነበር።

ያ ዘመን ስንተኛው ዓመተ ምሕረት እንደነበር አትጠይቁኝ። ጦርነቱ አብቅቶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ ፈረንጅ እንደገና ወደ ላሊበላ መምጣት የጀመረበት ሰሞን ነው። ነጠላ ላይ መስቀል እየጠለፍሁ ስለምሸጥ ዘመን የምለየው በነጠላ ዋጋ ነው። ነጠላ ሠላሳ አምስት ብር በነበረ ጊዜ ገና ሙሽራ ነበርሁ። ያኔ አውሮፕላን የሚያርፈው አቧራ ሜዳ ላይ ነው። ከተማው አስፋልት የሚባል አያውቅም። መብራቱ በጄኔሬተር ነበርና ገና እራት ሳይቀርብ ድርግም ይላል። ወንዶቹ ካኪ ኮት ለብሰው በረባሶ ይጫማሉ፤ አስጎብኚ የሆኑት ጎረምሶች ብቻ ፈረንጅ ትቶላቸው የሄደውን ቆብ ደፍተው ይንጎራደዳሉ። ከቅዳሜ ገበያ መውጫ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ያለችው አንዲት ካሴት ስለነበረች ከጧት እስከ ማታ ያንኑ አምባሰል ያስጮኸዋል፤ ክሩ ተስቦ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ሲጎተት እንኳ አያጠፋውም። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ባጃጅ ሲያልፍ ሁሉንም አቧራ ያለብሳቸዋል።

ባሌ ሲሳይ ያንኑ አምባሰል እያንጎራጎረ ነበር በቅሎ የሚነዳው። ረጅም፣ ፊቱ በብርድ የጠቆረ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ሁለት በቅሎዎች ነበሩት፣ ዳማዪቱና ጉራቻዪቱ። በእነሱ ፈረንጅ እየጫነ አሸተን ማርያም ያወጣ ነበር፤ ለአንድ ሰው ሃያ አምስት ብር፣ ሴትዮዋ ወፍራም ከሆነች ሠላሳ። ዳማዪቱ ጨዋ ናት። ጉራቻዪቱ ግን ገደል አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆማ ማሰብ ትወዳለች። ሲሳይ ያን ጊዜ አባት እናቷን እየጠራ ይሰድባታል፣ ፈረንጁ መዝሙር መስሎት ፎቶ ያነሣዋል። ማታ ይህን ሲያወራልኝ ሆዴን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። አልዋሽም፣ ደስ የሚል ኑሮ ኖረናል።

እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። መቁረብ እፈልግ ነበር።

ይህን ሌላ ቦታ ያደገ ሰው እንዴት ይረዳልኝ ይሆን? በእኛ አገር የሚቆርበው ሕፃንና ሽማግሌ ነው። መካከለኛው ሰው ሁሉ ያስቀድሳል፣ ይጾማል፣ ይሰግዳል፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሞ ያያል። እኔም ሕፃን ሳለሁ እናቴ አዝላኝ እየሄደች እቆርብ ነበር። የመጨረሻዋን ቀን አስታውሳታለሁ፤ ቢሞላኝ አሥር ዓመት ነው። ተቀብዬ ስመለስ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፌን ሸፈነችና «ዝም በይ፣ እንግዳ ይዘሻል» አለችኝ። ያን ቀን ሙሉ ቃል አልወጣኝም። ከበሩ የሚቀመጠውን ዐይነ ስውር ለማኝ፣ በዶሮ ምክንያት ከእናቴ ጋር የማትነጋገረውን ጎረቤታችንን፣ ትምህርት ቤት ፀጉሬን የሚጎትተኝን ልጅ፣ ሁሉንም አየኋቸውና ሁሉም የቤቴ ሰዎች መሰሉኝ። ከማንም የተለየሁ አልነበርሁም። እግዚአብሔር በደረቴ ውስጥ ተቀምጦ ሲተነፍስ እሰማው ነበር። ደግሞም እሰማው ነበር ስል እውነቴን ነው። በማግሥቱ ስነሣ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ልጅነቴ አለፈ፣ ለባልነት የሚጠይቁኝ መጡ፣ እኔም ቆመው ከሚያዩት ጋር ቆምሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ቀን ስፈልግ ኖርሁ።

ከሲሳይ ጋር የተጋባነው በሰማንያ ውል ነው። ባል ያላት ሴት ደግሞ ብቻዋን አትቆርብም፤ ከባሏ ጋር ተናዝዛ፣ ከባሏ ጋር ጾማ፣ ከባሏ ጋር ትቆማለች። ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለም፣ ሌላ መመልከት የለም። የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ኪሳቸው ቆሎ የማይለየው ሽማግሌ። ገና በተጋባን በዓመቱ ሄጄ ብለምናቸው መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ እኔማ ደስ ይለኛል። ግን ሁለታችሁ ካልቆማችሁ አንዳችሁም አልቆማችሁም። እሱን ይዘሽው ነይ» አሉኝ።

እሱን ይዞ መምጣት ነበር እንግዲህ ሥራው። መጀመሪያ ስጠይቀው ሳቀብኝ።

«ምነው፣ ሞት ሸተተሽ እንዴ?»

«ሞት አይደለም የሸተተኝ።»

«ኧረ ተይኝ እቴ! የቆረበ ሰው መሳደብ አይገባውም። ጉራቻዪቱ ደግሞ ያለ ስድብ አትሄድም። እኔ ብቆርብ ጾማችንን ልናድር ነው።»

አብሬው ሳቅሁ። በዓመቱ ስጠይቀው «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ። በሦስተኛው ዓመት «ነገርሁሽ እኮ» ብሎ ወጣ። ነጠላ አርባ አምስት ብር ሲገባ መጠየቁን ተውሁት። መመኘቱን ግን አልተውሁም። እሑድ እሑድ የቆረቡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ እንቅፋት እንዳይመታቸው እየተጠነቀቁ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከኋላቸው እሄድ ነበር። እንደ ሌባ ነበር የምከተላቸው። ቤታቸው ሲገቡ እመለሳለሁ። እግዚአብሔርን እንዲህ በሰው ጀርባ አሳደድሁት።

ልጅም አልወለድንም። እና በልቤ የእምቢታውን ምክንያት አገኘሁት፤ ሰማንያ ይቀደዳል፣ ቁርባን አይቀደድም። ሲሳይ የምትወልድለትን ቢያገኝ የሚወጣበት በር ክፍት እንዲሆን ፈልጓል አልሁ። ይህን ነገር አንድ ቀን አልነገርሁትም፤ እያደር ግን እንጀራውን ሳቀርብለት ፊቴ ላይ ያየው ነበር መሰለኝ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም አብረን የሄድነው በዚያን ሰሞን ነው። ዋሻው ውስጥ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል የሚቀበሉት የድንጋይ ገንዳዎች አሉ። መነኩሴው በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ። በአፌ ልጅ ስጠኝ አልሁ፤ በልቤ ግን የለመንሁት ሌላውን ነው። ዞር ስል ሲሳይ ጫማዬን በእጁ እንደያዘ ፊቱን ወደ ዓለቱ መልሶ ያለቅሳል። ለእኔ ያለቀሰ መስሎኝ ለብዙ ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። እንዲህ ያለች ሞኝ ነበርሁ።

የበቅሎዎቹን ገብስ ከደጋው ከተማ ከፍላቂት ነበር የሚያመጣው። የፍላቂት ገብስ ያበረታል ይላል። መጀመሪያ በቅሎዎቹን ራሳቸውን እየነዳ ነበር የሚሄደው፤ በኋላ አይሱዙ መመላለስ ሲጀምር ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ሁለት ሌሊት አድሮ ይመለሳል፣ ጨርቁ የደጋ ብርድ ብርድ ይላል። ሁለት በቅሎ በየሁለት ሳምንቱ ያን ሁሉ ገብስ ምን አድርገው እንደሚጨርሱት አልጠየቅሁም። ሴት ልጅ ስትጠራጠር እንኳ ጥርጣሬዋ ወዳላሰበችው ነገር አይሄድም።

ነጠላ ስልሳ ብር በገባ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ ነው፣ ከፍላቂት መጣና ፈረንጅ የሰጠውን አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ «እሺ» አለ።

«ምኑ ነው እሺ?»

«እንቁረብ።»

የያዝሁት ጥልፍ ከእጄ ወደቀ። ስንት ዓመት የለመንሁት ነገር በአንድ ቃል ሲመጣ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነው የተሰማኝ። በማግሥቱ መምሬ አድማሱ ዘንድ ሄደ፣ ግማሽ ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ጀርባውን እንዴት እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? እንዲያ ሆኖ ነው የመጣ። መምሬ ቀኖና ሰጡት፣ ቀኑንም ለዳግማይ ትንሣኤ ቆረጡልን። እኔ ሌት ተቀን ብዬ ለሁለታችን ሁለት ነጠላ ጠለፍሁ፤ አንድ ዓይነት መስቀል፣ አንድ ዓይነት ክር። እንዲያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከእጄ አልወጣም።

ንስሐ የገባሁ ዕለት መምሬ አድማሱ እንድሄድ ፈቅደውልኝ ከተነሣሁ በኋላ መልሰው ጠሩኝ።

«ስሚ ልጄ። ሲሳይ ለእኔ የነገረኝን አትጠይቂው።»

«ምነው አባቴ?»

«ንስሐ መቃብር ነው። የተቀበረ አይቆፈርም። የምትሰሚው ነገር ካለ በጊዜው ትሰሚያለሽ፤ እኔም አጠገብሽ ሆኜ ትሰሚያለሽ። አሁን ዝም ብለሽ ጹሚ።»

ዝም ብዬ መጾም! ይህን የሚሉት ለእኔ ነው? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲሳይ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ልጓም ሲጠግን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። እግዚአብሔርን የምታዘዝ መስሎኝ ነበር፤ የምምለው በዚሁ ነው። አንድ ሥጋ ሊሆን የሚሄድ ሰው እንዴት ተደብቆ ይሄዳል? ሥጋ ወደሙ ፊት ሁለት ሆነን ብንቆምስ? ኃጢአት እንዳይሆንብን ብዬ ነው የጠየቅሁት።

«ሲሳይ፣ ነገ አንድ ልንሆን ነው።»

«እግዚአብሔር ካለ።»

«እንግዲያ ለመምሬ የነገርኸውን ለእኔም ንገረኝ።»

እጁ ቆመ። «ከቆረባችሁ በኋላ ነው ብለውኛል። አብረን እንነግራታለን ብለውኛል።»

«በሞቴ።»

«ተይ እንጂ! እንዲህ አይባልም!»

«በሞቴ አልሁህ።»

እኛ አገር በሞቴ የተባለ ሰው እምቢ ብሎ አይነሣም። ልጓሙን መሬት ላይ አኖረው። ጉራቻዪቱ እዚያው ታስራ ገለባዋን ታኝካለች፤ እስከ ዛሬ ድምጿ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ፍላቂት ልጅ አለችኝ» አለ። «ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ክረምቱን ሞተች። አያቷ ዘንድ ናት፣ አሮጊቷም ዐይናቸው ሄዷል። ከሞተችው ጋር ከተለያየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር፣ ለልጅቱ ነበር የምመላለሰው። መምሬ 'አምጥተህ አሳድጋት፣ ቀኖናህ እሷ ናት' አሉኝ። እኔማ… አንቺ ትወጃታለሽ ብዬ ነው። ልጅ ነው ያጣነው፣ እግዚአብሔር በዚህም ይሰጣል ብዬ ነው። ስሟ አስካለ ነው።»

ምን ብዬ እንደመለስሁለት አልረሳውም። «ስሟን ማን ጠየቀህ?» አልሁት።

እሑድ ደወሉ ሲደወል ተነሣ፣ ተጣጠበ፣ አዲሱን ነጠላ ለበሰ። የእኔን አጣጥፎ ራስጌዬ አኖረልኝ። «እዚያ እጠብቅሻለሁ» ብሎ ወጣ። ነቅቼ ነበር፣ ዐይኔን አልገለጥሁም። ጎረቤቶቼ በኋላ እንደነገሩኝ ከወንዶቹ ጋር እስከ መጨረሻው ቆመ። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ መምሬ አድማሱ ወደ ሴቶቹ በር ተመለከቱ፣ ሲሳይም ተመለከተ፣ ሕዝቡም ተመለከተ። ከዚያ ሲሳይ ነጠላውን አውልቆ በብብቱ ያዘና ወጣ። እኔ ደግሞ ያን ቀን እህል ሳልቀምስ ዋልሁ። ውኃም አልጠጣሁም። እንደሚቆርብ ሰው ጾሜ ዋልሁ፣ ለማን እንደጾምሁ ግን አላውቅም።

መምሬ አድማሱ ሦስት ጊዜ ቤቴ መጡ። ቆሏቸውን መደቡ ላይ ዘርግተው ሊያስቁኝ ሞከሩ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻ ለመኑኝ። ለእኔ ለልጃቸው ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ ዘልዬ ተነሣሁ።

«ይቅር ብዬዋለሁ አባቴ» አልኋቸው። «ይመለስ፣ ይኑር። ልጅቱ ግን እዚህ ደፍ አትረግጥም።»

«እንግዲያ ምኑን ይቅር አልሽው? እሱን ያለ እሷ፣ እግዚአብሔርን ያለ ሰው። አንቺ ልጅ፣ መርጠሽ ልትበይ ነው የቀረብሽ?»

እግዚአብሔርን እንደ እኔ የሚመኝ ሰው በዚህ አገር የለም ብዬ አምን ነበር። በሌት እየተነሣሁ የማለቅስ፣ የቆረቡትን በመንገድ የምከተል እኔ ነበርሁ። እግዚአብሔር ደግሞ በስድስት ዓመት ልጅ ተመስሎ ደጄ ሊመጣ ሲል በሬን ዘጋሁበት። ቅናት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ያች ሴት የወለደችለትን እኔ ላሳድግ? ፊቷን ባየሁ ቁጥር ባዶ ማኅፀኔን ልይ? ይህ ነበር የምለው። ልክ አልነበርሁም፣ ግን እንዲያ ነበርሁ።

ሲሳይ በሰኔ ወር በቅሎዎቹን ይዞ ፍላቂት ገባ። ቤቱን ለእኔ ተወልኝ። ሰማንያውን እሱም አልቀደደ፣ እኔም አልቀደድሁ። ባል አለኝ እንዳልል የለም፣ የለኝም እንዳልል አለ፣ ስለዚህ እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻዬን የምቆርብበት መንገድ አልነበረኝም። እሱም እንደዚያው። ሁለት የታሰሩ ሰዎች በአንድ ገመድ ሁለት አገር ኖርን። የማርያም ማኅበርተኞቼ በወር በወሩ በሃያ አንድ ቀን ስንሰበሰብ መጀመሪያ ያባብሉኝ ነበር፤ ከዚያ እኔ ስገባ ወሬያቸውን ያቆሙ ጀመር፤ እኔም ጽዋ የማውጣት ተራዬ ሲደርስ ብቻ ሄጄ ድግሴን አቅርቤ መመለሱን አበዛሁ። በመጨረሻ ቀረሁ። ማንም አላባረረኝም። እንዲያውም አንዷ «ነይ እንጂ» ትለኝ ነበር፣ ገበያ ላይ ስታገኘኝ።

ዘመኑ ግን አልቆመም። የአብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ላይ ያ ትልቅ የብረት መጠለያ ቆመ። የማያቋርጥ መብራት መጣ፣ ከዚያ የኪስ ስልክ። ያቺ ሻይ ቤት ፈረሰች፣ ካሴቷም የት እንደገባች እንጃ። ፈረንጁ በመኪና እስከ አሸተን አፋፍ ድረስ መውጣት ጀመረ፣ ባለ በቅሎዎቹ ሁሉ ተመናመኑ። ነጠላ ሁለት መቶ ብር በገባ ጊዜ አንድ የገብስ ነጋዴ ከፍላቂት መጣና በአጥሬ ላይ ሆኖ «ሲሳይ ባለ በቅሎው ዐረፈ» አለኝ። ደረቱን ሲያመው ከርሞ ነበር። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበስሁ። «ትቶሽ ለሄደ?» ያሉኝ አሉ። ማን ማንን እንደተወ ላስረዳቸው አልሞከርሁም።

መምሬ አድማሱ ያኔ አልጋ ይዘው ነበር። አስጠሩኝና መስቀላቸውን በዳበሳ ፈልገው አሳለሙኝ። «አሁን ብቻሽን ነሽ» አሉኝ። «የሚከለክልሽ የለም። ይቅር ብለሽ፣ ነይና ቁረቢ። ዐይኔ ሳይከደን ልይሽ።» ስንት ዓመት የጠበቅሁት ፈቃድ ነው! የተፈቀደልኝ ግን እሱ ስለሌለ ነበር። ሄድሁ፣ ጾሜ ሄድሁ። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት ተንቀሳቀሱ። እግሬን ባነሣ አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሁለታችሁ ካልቆማችሁ አንዳችሁም አልቆማችሁም የሚለው ቃል እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ተመልሼ ወጣሁ። መምሬ አድማሱ በፍልሰታ ዐረፉ፣ እኔም ሳልቆርብ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣ አንድ የገና ሰሞን አለ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በገና ሰሞን የላሊበላ ሰው ከየአገሩ በእግሩ የሚመጣውን ተሳላሚ በየመንገዱ ዳር ተቀብሎ እግሩን ያጥባል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው፤ ሳፋና ሙቅ ውኃ ይዞ የማይወጣ ቤት የለም። እኔም ከማንም ርቄ በኖርሁባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን አልተውሁም። የማላውቀውን ሰው እግር መያዝ አያስቸግረኝም ነበር። በዚያ ገና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ይሆናታል። እግሯ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሯል። ውኃው ውስጥ ስከተው «ውይ፣ እግዜር ይስጥልኝ እማማ» ብላ ዐይኗን ጨፈነች።

«ከየት ነው የመጣሽው ልጄ?»

«ከፍላቂት። ሦስት ቀን ሆነኝ በእግሬ።»

«መኪናው ምን ሆነ?»

«የአባቴን ስለት ላደርስ ነው፤ ስለት በመኪና ይደርሳል እንዴ?» ሳቀች። ሳቋን ከሩቅ ሰው ይሰማዋል። «ሲሳይ ይባላል፣ በቅሎ ነበረው። ነፍሱን ይማረው።»

ውኃው ውስጥ እጄ እንደያዛት ቀረ። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷ ግን እንደ ልጅ አንዴ ከጀመረች አታቆምም፤ ሦስት ቀን ብቻዋን ስትሄድ የሚሰማት አጥታ ነው መሰለኝ።

«ሊሞት ሲል ቄሱ ሥጋ ወደሙን ይዘውለት መጡ» አለችኝ። «እምቢ አለ። 'ብቻዬን አልችልም አባቴ፣ ግማሼ ላሊበላ ነው' አለ። ቢለምኑትም ቢቆጡትም አልተቀበለ። ሳይቆርብ ሞተ እማማ። እኔ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።»

«ግማሼ ያለው ምኑን ነው?»

«ሴት ነች። የዓለም ስሟን አልነገረኝም፣ 'ሄደሽ ታስቸግሪያታለሽ' ብሎ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ግን ማታ ማታ ስጸልይ 'ወለተ ኪሮስን አስባት በዪ' ይለኛል። ማን ናት ስለው 'እናትሽ ልትሆን የነበረች ናት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት' ይለኛል። እኔም አንድ ቀን አላቋረጥሁም። እዚህ ወለተ ኪሮስ የምትባል ሴት ያውቃሉ?»

ወለተ ኪሮስ እኔ ነኝ። በክርስትና ስሜ ከመምሬ አድማሱና ከሲሳይ በቀር የጠራኝ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ዓመት የተወደድሁ መሆኔን ሳላውቅ ነው የኖርሁት። ማታ ማታ አንዲት ልጅ በእኔ ስም ትንበረከክ ነበር፤ እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ጥሎኛል እያልሁ በዚሁ ቤት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛ ነበር።

«በክርስትና ስም ሰው አይገኝም ልጄ» አልኋት። «ወለተ ኪሮስ ብዙ ናት።»

«እውነትዎን ነው» አለች፣ ትከሻዋ ወረደ። እግሯን በነጠላዬ አደረቅሁላት። ቅቤ ቀባሁላት፣ በስንጥቁ ላይ ጨርቅ አሰርሁላት። ንፍሮና ጠላ ሰጠኋት፣ በላች፣ መረቀችኝ። አባቷን ትመስላለች፤ ግንባሯ፣ አገጯ፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፈው ነገር። አስካለ ብዬ ልጠራት አፌ ድረስ መጣ። «ስሟን ማን ጠየቀህ?» ያልሁበት አፍ ነው። እናቴ ብላ ብትጠመጠምብኝ የማቅፍበት ክንድ አልነበረኝም፤ ከብዙ ዘመን በፊት ደርቋል። ይህን ሰበብ በሉት። እኔም ሰበብ እለዋለሁ።

ተነሥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። ጥቂት ራመድ ካለች በኋላ ተመለሰች።

«እማማ፣ የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ። ከወለተ ኪሮስ ጋር በጸሎቴ ላስብዎት።»

«ወለተ ሐና» አልኋት።

«ወለተ ሐና» አለች፣ እንዳትረሳው ደጋግማ። «ወለተ ሐና፣ ወለተ ሐና።» ቁልቁል ወደ ተሳላሚው ሕዝብ ገባችና ከነጩ ነጠላ ሁሉ የትኛው የእሷ እንደሆነ ጠፋኝ።

ወለተ ሐና የምትባል ሴት ማን እንደሆነች አላውቅም። የሆነ ቦታ ካለች ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ በየማታው ይጸለይላታል።